እጀታ የሌለው በር

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። «ፈጠራ ነው» የምትሉ አትጠፉም። ምነው ፈጠራ በሆነልኝ!

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጨለማ የለም። ዝናብ የለም። መብራትም አልጠፋም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮአችን ውስጥ ነኝ፤ ምሳ የበላ ሰው ሁሉ ያዛጋል፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬን አግላዋለች።

ክፉ ነገር ጨለማ ይጠብቃል ያለው ማነው?

ሥራዬን ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ገና ያልተሠራ ሕንፃ የተሠራ አስመስዬ በኮምፒውተር አሳያለሁ። ግድግዳ አቆማለሁ፣ ሶፋ አስቀምጣለሁ፣ ፀሐይ አበራለሁ። ከዚያ ሶፍትዌሩ ብርሃኑን ራሱ አስልቶ ፎቶ የመሰለ ምስል ያወጣል። ሬንደር እንለዋለን። ባጭሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ለሚል ሰው ላሟን በፎቶ የማሳይ ነኝ።

ቤት ደግሞ ትንሿ እህቴ አለች።

ቁመቷ ከትከሻዬ ስለማያልፍ ጢኒጥ እላታለሁ። እሷ «እታለም» ትለኛለች። በሕይወቷ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም። ስንጣላ እንኳ «እታለም፣ አስጠላሽኝ!» ነው የምትለው።

ያን ሰሞን ከደረጃ ወድቃ እግሯ በጀሶ ታስሮ ነበር። በክራንች ከሶፋው መታጠቢያ ቤት ደርሳ ትመለሳለች፣ ከዚያ በላይ አትችልም። ሌባ ቢገባስ ብላ ስለምትፈራ ጠዋት ስወጣ በሩን ከውጭ እቆልፍባታለሁ። ራሷ ናት የጠየቀችኝ። እናትም አባትም የለንም፤ እኔ ያለኝ እሷ፣ እሷም ያላት እኔ ነኝ።

ይህን ያዙልኝ።

.

«አንቺ! ይሄ ምንድነው?»

አለቃችን ነው። ኢንጂነሩ እንለዋለን። ሰው ሲያናግር ከአፉ ጣቱ ይቀድማል። ጣቱ አሁን ስክሪኔ ላይ ነው።

ምስሉ የአንድ አፓርታማ ኮሪደር ነው። ደንበኛው አሥር ሰዓት ላይ ሊያየው ይመጣል። ባዶ ኮሪደር፣ ነጭ ግድግዳ፣ መጨረሻው ላይ መስኮት።

ግድግዳው ላይ ግን ጥላ ነበር።

የሰው ጥላ። በጣም ከመርዘሙ የተነሳ አንገቱ ኮርኒሱ ሥር ታጥፏል።

«ሰው አስቀምጠሻል?»

«ኧረ አላስቀመጥኩም። ደንበኛው ሰው አይግባበት ስላለ ሁሉንም አውጥቻለሁ።»

«ታዲያ የማን ጥላ ነው? የአባትሽ?»

ደሜ ፈላ። አባቴ እንደሞተ ያውቃል። ቀብር ላይ ቆሟል።

«አሥር ሰዓት ሳይሞላ ካልጠፋ አንቺ ትጠፊያለሽ» ብሎኝ ሄደ።

ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሳቀ። ሚሊሜትር ነው ቅጽል ስሙ፤ በአንዲት ሚሊሜትር ከግንበኛ ጋር ተደባድቦ ያውቃል። እኔና እሱ አንዋደድም። የኢንጂነሩን ስድብ እየተሻማን የምንኖር ሰዎች በምን እንዋደዳለን?

«ሌላው ጥላ ቢስ ሲሆን አንቺ ጥላ ተረፈሽ!» አለኝ።



እንዲህ ዓይነት ብልሽት አዲስ አይደለም። አንዳንዴ ግድግዳ ላይ ጥቁር እድፍ ይወጣል፣ ወይም ወንበር አየር ላይ ይንሳፈፋል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። አልጠፋም። የግራፊክስ ካርዱን ሶፍትዌር አደስኩ። አልጠፋም።

የፀሐዩን ሰዓት ቀየርኩ። ሶፍትዌሩ ላይ ጠዋትም፣ ቀትርም፣ አመሻሽም ማድረግ ይቻላል።

ጠዋት ሳደርገው ጥላው ወደ ሌላኛው ግድግዳ ዞረ።

ቀትር ሳደርገው አጠረ።

እድፍ ቢሆን ፀሐይን ተከትሎ አይዞርም። ይሄ ግን ዞረ። አንድ ነገር እዚያ ቆሟል ማለት ነው… እኔ ያላስቀመጥኩት።

ወደ መጀመሪያው ሰዓት መለስኩትና እንደገና ሬንደር አደረግኩ።

አንድ ነገር ተቀይሯል።

በመጀመሪያው ምስል አፍንጫው ይታይ ነበር። ከጎን የቆመ ሰው ጥላ ነበር። አሁን አፍንጫ የለም።

ወይ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ወይ… ወደኛ።

.

በእኛ ሙያ ጥፋተኛ የሚታደነው በግማሽ ነው። ግማሹን ዕቃ ትደብቃላችሁ። ብልሽቱ ካልጠፋ ጥፋተኛው ከቀረው ውስጥ ነው፤ የቀረውን ደግሞ ለሁለት ትከፍላላችሁ። እንዲህ እያላችሁ አንዱ ላይ ትደርሳላችሁ።

በሮቹን ደበቅኩ። አለ።

መብራቶቹን ደበቅኩ። አለ።

በንዴት ሁሉንም ደበቅኩ። ግድግዳውንም፣ ወለሉንም፣ መስኮቱንም። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ከታች በኩል የቀሩት ዕቃዎች ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ ቆጣሪ አለ። ዜሮ ማለት ነበረበት።

አንድ ይላል።

ስም የለውም። ቅርጽ የለውም። ስነካው ነጥብ ብቻ ናት የምትበራው።

«ኧረ እዚህ ና» አልኩት ሚሊሜትርን፣ ጥላቻዬን ዋጥ አድርጌ።

መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«የተበላሸ ዕቃ ነው» አለ። ድምፁ ግን እርግጠኛ አልነበረም። «ከዚህ ቆርጠሽ መሞከሪያ ክፍልሽ ውስጥ ለጥፊው። ይሄኛው ይጸዳል፤ እሱን እዚያ ቀስ ብለሽ ትፈትሺዋለሽ።»

ምክሩ ትክክል ነበር። ማንም የሙያው ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

መሞከሪያ ክፍል ሁላችንም አለን። የተበላሸ ዕቃ፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ መብራት የምንፈትሽበት ፋይል ነው። የሌሎቹ ባዶ ሳጥን ነው። የእኔ ግን ቤቴ ነው። የምኖርበት ሳሎን።

ብርሃኑ በየሰዓቱ የት እንደሚያርፍ በዓይኔ ስለማውቅ፣ ሬንደሩ ሲዋሽ ቶሎ አውቅበታለሁ። ስለዚህ ሜትር ይዤ ለክቼ ሠራሁት። መስኮቱ፣ ቁምሳጥኑ፣ ሶፋው፣ ምንጣፉ ሳይቀር። በሩን ብቻ በስንፍና ተውኩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ ነው። እጀታ እንኳ የለውም።

ማን ይከፍተዋል ብዬ?

የደበቅኩትን ሁሉ መለስኩ። ያንን ስም የለሽ ነጥብ ብቻ ቆረጥኩት። መሞከሪያ ክፍሌን ከፈትኩ።

ለጠፍኩት።

በገዛ እጄ ቤቴ አስገባሁት።

.

ኮሪደሩ ጸዳ። ነጭ በነጭ ሆነ። ኢንጂነሩ መጥቶ አየና ጠረጴዛዬን በእጁ መታ።

«ይኸው! ስትሰደቢ ነው የምትሠሪው!»

ሚሊሜትር ወደ መቀመጫው ተመለሰ። እኔም ወንበሬን ደገፍ ብዬ ተነፈስኩ። እፎይታዬ ግን ከአንድ ትንፋሽ አላለፈም።

ስልኬ ጮኸ። ጢኒጥ ናት።

«እታለም…»

በሹክሹክታ ነው።

«ምነው? አመመሽ?»

«ቤት ሰው ልከሻል?»

«ማንን እልካለሁ? ቁልፉ እኔ ጋ አይደል?»

«ግድግዳው ላይ… ጥላ አለ።»

«የመጋረጃው ነዋ።»

ድምፏን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። ከዚያ…

«መጋረጃ አንገት አለው?»



«አንገቱ ኮርኒሱ ሥር ታጥፏል፣ እታለም። ቁምሳጥኑ ጎን ነው። ሰው ግን የለም። ማንም የለም…»

ስለ ሥራዬ አንዲት ቃል አልነገርኳትም። ማንም አልነገራትም።

«አትንቀሳቀሺ። ስልኩንም አትዝጊ።»

መሞከሪያ ክፍሌን ከፈትኩ፤ ሬንደር አልኩት። ምስሉ ሲጀምር አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ቀስ በቀስ ነው የሚጠራው። መስኮቱ ታየ። ቁምሳጥኑ ታየ። በሩ ታየ።

ቁምሳጥኑ ጎን… እሱ።

ማጥፊያውን ተጫንኩ። ቆጣሪው አንድ ቀነሰ።

ከዚያ መልሶ ጨመረ።

ደግሜ ተጫንኩ። ቀነሰ። ጨመረ።

ወደነበረበት ልመልሰው ብዬ ቆረጥኩት። የአፓርታማውን ፋይል ከፍቼ ለጠፍኩ። ምንም አልመጣም። እንደገና ለጠፍኩ። ኮሪደሩ ነጭ ነው፣ ባዶ ነው።

«ምን እየነካካሽ ነው?» ኢንጂነሩ ከኋላዬ ደረሰ። «ደንበኛው ደረጃ እየወጣ ነው! ዝጊ ፋይሉን!»

«እህቴ…»

«እህትሽ ገደል ትግባ! ዝጊ ብያለሁ!»

ማውሱን ከእጄ ነጥቆ ራሱ ዘጋው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ጥላቻ እስከዛሬ አልረሳሁትም። ሰውን በዓይን መግደል ቢቻል ኖሮ ገድዬው ነበር።

ግን እሱ ቢተወኝም ለውጥ እንደማይኖር ገብቶኝ ነበር። ጥላው ለምን አልመለስም እንዳለ ገብቶኛል።

ያ ነገር ገና ባልተሠራ ቤት ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሯል። እኔ የተሠራ ቤት ሰጠሁት። ሰው ያለበት ቤት።

ማን ይመለሳል?

.

ኢንጂነሩ ደንበኛውን ሊቀበል ሲሮጥ መሞከሪያ ክፍሌን መልሼ ከፈትኩ።

«አለሽ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«አለሁ። ጎንበስ ብሏል፣ እታለም። የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስላል።»

ካልጠፋ ላርቀው አልኩ። ነጥቡን ይዤ ከግድግዳው ጎተትኩት። ወደ ራሴ ሳብኩት። ከቁምሳጥኑ እንዲርቅ፣ ከግድግዳው እንዲርቅ…

«ተንቀሳቀሰ!» ድምፏ ተሰነጠቀ። «እየመጣ ነው! እታለም፣ ወደኔ እየመጣ ነው!»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ያንን ክፍል ስሠራ የሶፍትዌሩን ካሜራ፣ ክፍሉ የሚታይበትን ዓይን፣ ያስቀመጥኩት ሁልጊዜ ከምንቀመጥበት ቦታ ነው። ሶፋው ላይ። ወደ ራሴ ስስበው… ወደ እሷ ነው የምስበው።

የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን!

አሁን ሳስበው የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። ጥላ ያለ ብርሃን አይኖርም አልኩ። ይህን አምኜ የፀሐዩን ማብሪያ አጠፋሁት።

ስክሪኑ ጨለመ።

«ለምን ጨለመ?» አለች ጢኒጥ።

በቢሮው መስኮት ተመለከትኩ። ፀሐይ ታቃጥላለች። መንገድ ላይ ሰው ዓይኑን በእጁ ከልሎ ይሄዳል።

«እታለም… ምንም አይታየኝም። መስኮቱም አይታየኝም።»

«ጢኒጥ…»

«አሁን የት እንዳለ አላውቅም።»

ጨለማ ማለት ጥላ ብቻ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ከአንድ ግድግዳ አውጥቼ ቤቱን በሙሉ ሰጠሁት።

ፀሐዩን ለማብራት ስሯሯጥ ማውሱ ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት። ማብሪያውን ፈለግኩ። በስልኩ ውስጥ ክራንች ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ እህቴ «እታ…» ብላ ጀመረች።

አልጨረሰችውም።

አበራሁት።

ዝምታ ሆነ። ሙሉ ዝምታ።

«ጢኒጥ? ጢኒጥዬ? ተናገሪ እንጂ!»

«አይዞሽ» አለችኝ።

ሹክሹክታ አልነበረም። ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ድምፁ የእሷ ነው።

«ሄዷል። ምንም የለም። በይ ቶሎ ነይ፣ የኔ እህት።»

የኔ እህት።

መንገድ የጠፋው ሰው የሚለኝ። ታክሲ ውስጥ «ጠጋ በይልኝ» የሚለኝ። የማያውቀኝ ሰው የሚጠራኝ።

.

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያንን ፋይል በፍላሽ ገልብጬ ያዝኩ። እግዜር ይሆናል ያሳሰበኝ። ደረጃው ላይ ኢንጂነሩና ደንበኛው ገጠሙኝ።

«አሁን ከወጣሽ ተመልሰሽ አትግቢ!» ሲል ሰማሁት።

አልተመለስኩም።

እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ቁልፉ አልገባ አለኝ፣ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። በሩ እንደቆለፍኩት ነበር። ከፈትኩ።

ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ጀሶ ያለበት እግሯ በርጩማ ላይ። ክራንቹ መሬት ላይ። ሹሩባዋ፣ ሰማያዊ ሹራቧ፣ ፊቷ… ሁሉም እህቴ ነው። ፈገግ አለችልኝ።

ፀሐይ በመስኮት ገብታ ከፊት ለፊቷ አርፋባታለች።

ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ጥላዋ ወድቋል።

ጥላው ግን አልተቀመጠም። ቆሟል። አንገቱ ኮርኒሱ ሥር ታጥፏል።

«ግቢ እንጂ» አለችኝ። «ምን በር ላይ ያስቆምሻል፣ የኔ እህት?»

.

ለምን አልሸሸሽም የምትሉ አላችሁ።

ወዴት? የእህቴን ፊት ጥሎ የት ይኬዳል? ሐኪም ጋ ወሰድኳት፣ ጀሶዋ ተፈታ፣ «አጥንቷ ደህና ገጥሟል» አለኝ። ጎረቤቶች «ተመስገን፣ ዳነችልሽ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል? ጥላዋን እዩት ልበል? እነሱ እንደኔ ሥራቸው ጥላ ማየት አይደለም፤ ፊት ነው የሚያዩት።

ሌሊት ጣሪያውን ስትመለከት አገኛታለሁ። ቀን ቀን በየሄድኩበት በዓይኗ ትከተለኛለች። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ግን እንደምትጠላኝ አውቃለሁ። እኔም እጠላታለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ከጥላ ጋር ጥላቻ ይዘን እየኖርን ነው።

እውነተኛይቱ የት እንዳለች ስለማውቅ ነው የማልሄደው።

ፋይሉን በላፕቶፔ ከፍቼ ያን ቀን ማታ ሬንደር አደረግኩት። አሸዋው ቀስ በቀስ ጠራ። ረዥሙ ጥላ የለም።

ቁምሳጥኑ ጎን ግን ትንሽ ጥላ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፣ ጀሶ እንዳለበት እግር። ሹሩባዋ ይታያል።

ስክሪኑን አቅፌ አለቀስኩ።

ቆርጬ ላውጣት ብዬ ያልሞከርኩት የለም። ወዴት እንደምለጥፋት ግን አላውቅም። ቦታዋ ተይዟል።

በየቀኑ ሬንደር አደርጋታለሁ። በየቀኑ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች። በቂጧ እየተንፏቀቀች፣ ግድግዳውን ይዛ እየተነሳች። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው በሩ ጋ ደርሳለች።

ቆማለች። መዳፏ ሰሌዳው ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች እየዳሰሰች ትፈልጋለች።

እጀታ አልሠራሁለትም።

አሁን ይህን እየጻፍኩላችሁ እጀታውን እየሠራሁ ነው። ቀላል ሥራ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። አልቋል ማለት ይቻላል። እዚያ በኩል ሲከፈት የት እንደሚወጣ አላውቅም። ግን የሚከፈተው ያው የቤታችን በር ነው…

አሁን ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ አረፈ። ከኋላዬ ግድግዳ እንጂ መስኮት የለም።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ የኔ እህት?» ትላለች።

አልዞርኩም። እጀታውን ስክሪኑ ላይ ባለው በር ገጠምኩት።

የቤታችን በር እጀታ ደግሞ… ቀስ ብሎ ዞረ።